ዱላው ተወርሶ ታሪኩ ሲቀር

በዚህ ወር የምናወጋችሁ ስለ አንድ የወይራ ዱላ ነው። ይህ ዱላ ገበያ ቢወጣ የአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ አያወጣም። ነገር ግን አንድ እናትና አባት የወለዷቸውን አራት ልጆች ለሰባት ወራት ያህል አኳርፏል። ከአራቱ አንዱ እኛው ራሳችን ስለሆንን፣ ነገሩን ከሰው እንደሰማ ሰው አለባብሰን አናልፈውም። እንዳለ እንነግራችኋለን፤ ምናልባት ከእናንተ ቤት ግድግዳ ላይም እንዲህ ያለ ዕቃ ተሰቅሎ ይሆናልና።

በምናስተምርበት ትምህርት ቤት የእግር ጉዞ የሚወዱ ልጆች ክበብ አላቸው። ክረምቱ አልፎ ጭቃው ሲደርቅ በወር አንድ እሑድ ከደሴ ወጥተን ወይ ጦሳ ተራራን እንወጣለን፣ ወይ በመኪና እስከ ሐይቅ ሄደን የሐይቁን ዳር ይዘን በእግር እንጓዛለን። የዛሬ ልጅ የጉዞ ዕቃ አያጣም፤ የጀርባ ሻንጣው፣ የፕላስቲክ የውኃ መያዣው፣ አቅጣጫ የሚነግረው ስልኩ ሁሉ አለው። ባለፈው ጥቅምት ግን አንድ ትእዛዝ ሰጠናቸው። “ለእሑዱ ጉዞ እያንዳንዳችሁ ከቤታችሁ አንድ አሮጌ የመንገድ ዕቃ ይዛችሁ ኑ። አያት ወይም ቅድመ አያት መንገድ ሲሄድ የተጠቀመበት ይሁን” አልናቸው።

ልጆቹ አላሳፈሩንም። አንዱ የወታደር ኮዳ፣ አንዷ የውኃ ቅል፣ ሌላው የጠፍር ገመድ፣ አንዱ ደግሞ ጫፉ የተበላ የስግደት ቁርበት ይዞ መጣ። የውዱእ ማንቆርቆሪያ የያዘም ነበር። እኛም የአያታችንን ዱላ ይዘን ወጣን። ተራራው ላይ ደርሰን፣ ደሴ ከሥራችን ጎድጓዳው ውስጥ ተኝታ እየታየችን፣ ዙህርን በጀመዓ ሰገድን። ከዚያም ክብ ሠርተን ተቀመጥንና “እስቲ ዕቃችሁን አስተዋውቁን፤ የማን ነበር? ወዴት ወዴት ሄዷል?” ብለን ጠየቅናቸው።

አብዛኞቹ ዝም አሉ። ኮዳውን ያመጣው ልጅ “የአያቴ ነው” አለና ቆመ። አያቱ የት ዘምተው እንደነበር አያውቅም። ቁርበቱን ያመጣውም የማን እንደነበረ አያውቅም፤ “ሁሌም ቤታችን ነበር” አለ። ዕቃው ሁሉ ነበረ፤ ታሪኩ ግን አልነበረም።

አንዲት ልጅ ብቻ ተነሣች። የያዘችው ቆዳው የተሰነጣጠቀ አገልግል ነው። “ይህ የአያቴ ነው። አያቴ ሙሽራ ሆና ስትመጣ ስንቅ የያዘችበት ነው” አለች። “ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቃረብ በእግር ከከተማ ስንወጣ አባቴ ፍራሽ ልያዝ ሲል አያቴ ግን ይህን አነሣች። በንጋታው መንገድ ላይ ዳቦ ያገኘነው ከዚህ ውስጥ ነው። ስንመለስ ቤታችን ውስጥ ብዙ ነገር አልነበረም፤ አገልግሉ ግን ከእኛ ጋር ነበር።” ልጆቹ ሁሉ ተነሥተው አገልግሉን ነካ ነካ አደረጉት። ቅድም ሲያልፉት ማንም ልብ አላለውም ነበር። አሁንስ? ያው አገልግል ነው፤ የጨመረው ነገር ወሬው ብቻ ነው።

ወዲያው አንድ ልጅ ወደ እኛ ዞረና “መምህር፣ እርስዎ ዱላ ላይ ያሉት የናስ ሽቦዎች ምንድን ናቸው?” አለን። ዱላው ላይ ሰባት የናስ ሽቦ ጥምጥሞች አሉ። እኛ የምናውቀው የሁለቱን ብቻ ነው። አምስቱን አናውቅም፤ የሚያውቅም ሰው ዛሬ በሕይወት የለም። አስተማሪ ሆኖ በተማሪ ፊት “አላውቅም” ማለት ነውር አይደለም። ያሳፈረን ለምን እንዳላወቅን ማወቃችን ነው።

ሲራራው አያታችን

አያታችን ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። ሲራራ ማለት በቅሎና አህያ ጭኖ በቡድን ከገበያ ገበያ የሚጓዝ ነጋዴ ነው። በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ይህን ሥራ ይዘው ከኖሩት መካከል ሙስሊሞች ብዙዎች እንደነበሩ የታወቀ ነው። አያታችን እህልና ቡና ጭነው ከወሎ ደጋ ወደ ባቲ ይወርዳሉ። የባቲ ገበያ ሰኞ ሰኞ የሚቆም፣ ደገኛውና የአፋር ሕዝብ የሚገናኙበት ትልቅ ገበያ ነው። እዚያ ጨው ይገዛሉ፤ ጨውን ወደ ደጋ አውጥተው ይሸጣሉ። ከአፋር የጨው ሜዳ እየተቆረጠ የሚመጣው አሞሌ በዚያ ዘመን ምግብ ብቻ አልነበረም፤ እንደ ገንዘብም ያገለግል ነበር። ከቦታው በራቀ ቁጥር ዋጋው ስለሚጨምር፣ ነጋዴው በእግሩ የሄደውን ያህል ያገኝ ነበር ማለት ይቻላል። ትልልቁ ሒሳብ ደግሞ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት በተቀረጸበት በማርያ ቴሬዛ ብር ይሠራ ነበር።

መንገዱ ቀላል አልነበረም። በቆላው ንዳድ አለ፣ በኬላው ቀረጥ አለ፣ በዱሩ ሽፍታ አለ። ሲራራው ሲመሽ ጭነቱን አራግፎ ዙሪያውን እንደ አጥር ይደረድርና መካከል ላይ እሳት ያነዳል። በሶውን በጥብጦ ይጠጣል፣ ሰላቱን ይሰግዳል፣ በየተራ ዘብ ይቆማል። ዛሬ የተራራ ወዳጆች ለመዝናናት ብለው የሚያድሩትን የድንኳን አዳር እነርሱ ለእንጀራ ብለው ዕድሜያቸውን ሙሉ አድረውታል። ከጣልያን ወረራ (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ጀምሮ የመኪና መንገድ እየተስፋፋ፣ ከዚያም የጭነት መኪና እየበዛ ሲሄድ የሲራራ ዘመን ቀስ በቀስ አበቃ። አያታችን በቅሎዎቻቸውን ሸጠው ሱቅ ከፈቱ። ዱላውን ግን አልጣሉትም። ቅቤ እየጠጣ ጭስ እየሞቀ እንደ ከሰል ጠቆረ።

ዱላው ከእርሳቸው ወደ አባታችን አለፈ። አባታችን ነጋዴ አልሆኑም፤ በወጣትነታቸው በፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ከታቢ ሆነው ተቀጠሩ። ዘመቻው በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ነው። አብዛኛው አገር መኪና የማይገባበት ስለነበር ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ ከመንደር መንደር ይጓዙ ነበር። ጫፏ እንደ ሹካ ለሁለት በተከፈለች ትንሽ መርፌ የሕፃኑንም የሽማግሌውንም ክንድ ይወጉ ነበር። በአንዱ መንደር በማር ይቀበሏቸዋል፣ በሌላው በውሻ ያባርሯቸዋል። አልሐምዱሊላህ፣ በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የታየው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። በተፈጥሮ መንገድ ከተያዙት ሁሉ በዓለም የመጨረሻው ሰው ደግሞ በሶማሊያ መርካ ከተማ በጥቅምት 1970 ዓ.ም. ተገኘ። አባታችን በዚያ ዘመን ሁሉ የያዙት ያንኑ የአያታችንን ዱላ ነበር።

ዱላው የማን ነው?

አባታችን ወደ አኺራ ሲሄዱ እናታችን ቀድማ አርፋ ነበርና፣ ወራሾቹ እኛ አራት ልጆች፣ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ነበርን። ሸይኻችን መጥተው ቤቱንና ያለውን ንብረት በፈራኢድ ሕግ አካፈሉን። የቀብር ወጪ ተነሣ፣ ዕዳ ተከፈለ፣ የቀረው ለስድስት ተመድቦ ለወንዶቹ ሁለት ሁለት እጅ፣ ለሴቶቹ አንድ አንድ እጅ ደረሰ። በቤቱ ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። የአላህን ሕግ ተቀብለን ተመሰጋግነን ልንነሣ ስንል ታናሽ እህታችን ዱላውን ከግድግዳው አወረደችና “ይህ የእኔ ነው” አለች።

ጅዳ የሚሠራው ታላቅ ወንድማችን ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ነበርና “የአባት ዱላ የበኩር ልጅ ነው፤ እኔ እወስደዋለሁ” አለ። እርሷም “አባቴን ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ የት ነበርክ?” አለችው። ይህ ቃል ወጣ፤ ከወጣም በኋላ የሚመልሰው አልተገኘም። እኛም ዝም አላልንም። “ተራራ የምንወጣበት እኛ ነን፤ እናንተ ግድግዳ ላይ ልትሰቅሉት ነው” አልን። ዛሬ ስናስበው ከሁሉ የባሰው የእኛ ንግግር ነበር።

ሸይኻችን ፈገግ ብለው “ታዲያ በመጋዝ ስድስት ቦታ ቆርጬ ልስጣችሁ?” አሉን። ከዚያም ቁም ነገሩን አስረዱን። በሱረቱ ኒሳእ ድርሻን የወሰነው አላህ ትንሹን ከትልቁ አልለየም። ሟች ትቶት የሄደው ሁሉ፣ ቤትም ይሁን መርፌ፣ የወራሾቹ ሁሉ ነው። የመታሰቢያ ዕቃ ስለሆነ የበኩር ልጅ ብቻ ነው የሚል ሕግ የለም፤ ያስታመመ ብቻ ይወስዳል የሚልም የለም። የሚሆነው ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ሁሉም በፈቃዳቸው ለአንዱ ይተዉለታል፣ ወይ ዋጋ ተገምቶለት አንዱ ይወስድና የሌሎቹን ድርሻ ይከፍላል። ሌላው ሁሉ የሰው ሐቅ መብላት ነው።

ዋጋው ተገመተ ቢባል እኮ ለእያንዳንዳችን የሚደርሰን ሻይ መጠጫ አይሆንም። ግን ማን ይተው? ወንድማችን ተቀይሞ ወደ ጅዳ ተመለሰ። እህቶቻችን ከእርሱ ጋር በስልክ መነጋገር አቆሙ። ዱላው አክስታችን ቤት በአደራ ተቀመጠ። ሰባት ወር እንዲህ አለፈ። ዝምድናን መቁረጥ ምን ያህል ከባድ ወንጀል እንደሆነ በልጅነታችን መድረሳ ስንቀራ ሰምተናል፤ ለተማሪዎቻችንም ስናስተምር ኖረናል። ለራሳችን ሲሆን ግን ረሳነው።

ያስታረቀን ያልጠበቅነው ጥያቄ ነው። አንድ ቀን እህቶቻችንና እኛ አክስታችንን ልንጠይቅ ሄድን። ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ ሐጃ ናቸው። ዱላውን ከማዕዘን አነሡና በጣታቸው ሽቦውን እየዳሰሱ “ይህችን ታውቋታላችሁ?” አሉን። ከታች ሦስተኛዋ ጥምጥም ነች። አያታችን ከባቲ ሲመለሱ አብሯቸው የነበረው ታናሽ ወንድማቸው በንዳድ ሞተባቸው። ገላውን አጥበው፣ ሰግደውበት፣ እመንገዱ ዳር ቀበሩትና ከበቅሎ ልጓም ናስ ፈትተው በዱላው ላይ ጠመጠሙ። በዚያ ባለፉ ቁጥር እየቆሙ ዱዓ ያደርጉለት ነበር። ስድስተኛዋ ደግሞ የአባታችን ናት። በከታቢነቱ ዘመን የሞላ ወንዝ ሲሻገሩ ዱላው ተሰነጠቀ። አብሯቸው የነበረው ልጅ ውኃው ሊወስደው ሲል ያንን ዱላ ይዞ ወጥቷል። ስንጥቁን አባታችን በሽቦ አሰሩት።

“የቀሩትስ?” አልናቸው። አክስታችን ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉ። “የቀሩትን አባታችሁ ያውቃቸው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስታዩት አንዳችሁም አልጠየቃችሁትም? አሁን በእንጨቱ ላይ ትጣላላችሁ?” አሉን።

መልስ አልነበረንም። ዱላውን ካልወሰድን ብለን የተነሣን ሰዎች፣ ባለዱላው በሕይወት ሳሉ አንዲት ጥያቄ አልጠየቅናቸውም። አባታችን ብዙ የሚናገሩ ሰው አልነበሩም፤ ግን ተጠይቀው መልስ የሚነፍጉም አልነበሩም። ያን ማታ ወደ ጅዳ ደወልንና ለወንድማችን የሁለቱን ጥምጥም ወሬ ነገርነው። ስልኩ ውስጥ ሲያለቅስ ሰማነው። “ዱላው እዚያው ይሁን፤ እታለም ትያዘው። እኔ ድርሻዬን ትቻለሁ። የነገሯችሁን ግን ጻፉልኝ፤ ልጄ ያንብበው” አለ። እኛም ሌላዋም እህታችን ድርሻችንን በፈቃዳችን ተውን። አክስታችን ከዓመት በኋላ አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው።

ስሙ የተሰፋበት ካልሲ

ለተማሪዎቻችን ይህን ሁሉ ጦሳ ላይ ከነገርናቸው በኋላ፣ ነገሩ የእኛ ቤት ብቻ እንዳይመስላቸው ብለን ተራራ ወጪዎች ሁሉ የሚያውቁትን አንድ ታሪክ ጨመርንላቸው። ጆርጅ ማሎሪና አንድሩ ኧርቪን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. ሰኔ 1924 የዓለም ትልቁን ተራራ ኤቨረስትን ሊወጡ ሄደው ሳይመለሱ ቀሩ። ጫፉ ላይ ደርሰው ይሁን ሳይደርሱ እስከ ዛሬ አልታወቀም። የማሎሪ አስከሬን የተገኘው ከ75 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የኧርቪን ግን ደብዛው ጠፍቶ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተራራው ሥር ካለው የበረዶ ግግር ላይ አንድ አሮጌ ጫማ ከነካልሲው፣ በውስጡም የእግር ቅሪት ተገኘ። የማን መሆኑ እንዴት ታወቀ? ካልሲው ላይ ስሙ የተጻፈበት ትንሽ ጨርቅ ተሰፍቶበት ነበር። ዘመዶቹም ለማረጋገጫ ለዲኤንኤ ምርመራ ናሙና ሰጡ።

እስቲ አስቡት። መቶ ዓመት በበረዶ ውስጥ የቆየ ካልሲ፣ በላዩ ላይ ስም ስለተሰፋበት ብቻ ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ። እኛ ደግሞ በቤታችን ግድግዳ ላይ ያለውን ዱላ ባለቤቱ ሳይሞት “የምን ነው?” ማለት አቅቶን አምስት ጥምጥም ጠፋን።

ነቢዩ ሙሳን (ዐ.ሰ.) አላህ (ሱ.ወ.) በቀኝ እጁ ስለያዘው ነገር እንደጠየቀው በሱረቱ ጣሃ ተነግሮናል። አላህ ሁሉን ያውቃል። ሙሳ ግን ዱላ ነው ብሎ ብቻ አላበቃም፤ እንደሚደገፍበት፣ ለበጎቹ ቅጠል እንደሚያረግፍበት፣ ሌላም ጉዳይ እንዳለው ተናገረ። ዱላን ዱላ የሚያደርገው የተሠራበት ሥራ ነውና፣ ወላጆቻችንንም በእጃቸው ስላለው ነገር መጠየቅ ድፍረት አይሆንም።

ምን እናድርግ?

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ሁሉ የተማርነውን ባጭሩ እናካፍላችሁ። አንደኛ፣ ዛሬውኑ ጠይቁ። አባት፣ እናት፣ አያት፣ አክስት በሕይወት ካላችሁ በዚህ ሳምንት አንድ ዕቃ አንሡና “ይህ የማን ነበር? የት የት ሄደ?” በሏቸው። ሁለተኛ፣ የሰማችሁትን ጻፉት። ስም፣ ቦታ፣ ዘመን ያለበት አንድ ገጽ ይበቃል፤ ወረቀቱንም ከዕቃው ጋር አስቀምጡት። ሦስተኛ፣ ዕቃው የተሠራበትን ሥራ ይሥራ። ዱላ ለመንገድ ነው፣ አገልግል ለስንቅ ነው። ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ የሚኖር ዕቃ ወሬው ቶሎ ይሞታል። ልጆች የአያታቸውን ወሬ ሳሎን ተቀምጠው ሲነገራቸው ያዛጋሉ፤ ዳገት ላይ ዱላውን ተደግፈው ሲሰሙት ግን አይረሱትም።

አራተኛ፣ ወላጆች ሆይ፣ ለልጆቻችሁ መታሰቢያ መስጠት ከፈለጋችሁ በሕይወት እያላችሁ ስጡ፤ ስትሰጡም አታዳሉ። ኑዕማን ኢብን በሺርን (ረ.ዐ.) አባቱ ለብቻው ስጦታ ሰጥቶ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ምስክር ሊያደርጋቸው ሲመጣ፣ ለልጆቹ ሁሉ እንዲሁ ሰጥቶ እንደሆነ ጠይቀውት አልሰጠሁም ሲል ምስክርነቱን እንዳልተቀበሉትና በልጆች መካከል ፍትሕ እንዲያደርግ እንዳዘዙት ይታወቃል። ለወራሽ በኑዛዜ መተውም ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ በስተቀር አይጸናም። ስለዚህ “ይህ ለአንተ፣ ያ ለአንቺ” ብላችሁ፣ ሁሉንም ደስ አሰኝታችሁ፣ ወሬውንም ጨምራችሁ አስረክቡ። በመጨረሻም ዕቃው ዕቃ መሆኑን አትርሱ። ዱላው ከወንዝ አያወጣም፣ ከሽፍታም አይጠብቅም፤ ጠባቂው አላህ ነው። ዱላው ለእኛ የሚያስታውሰን፣ አላህ ያወጣቸውን ሰዎች ነው።

ባለፈው ክረምት የወንድማችን ልጅ ከጅዳ መጥቶ ነበር። አማርኛው ትንሽ ይሰነካከላል፣ ዳገትም አልለመደም። ክረምቱ ለአንድ ጧት ፋታ ሲሰጠን እህታችን ዱላውን አውጥታ ሰጠችውና ጦሳን አብረን ወጣን። ግማሽ መንገድ ላይ ደክሞት ዱላውን ተደግፎ ቆመ። ጣቱን ሦስተኛዋ ጥምጥም ላይ አሳርፎ “ይህች የተቀበረው አያት ናት?” አለን። አባቱ የጻፍንለትን አስነብቦታል ማለት ነው። ባለንበት ቆመን ለሟቹ ዱዓ አደረግንለት። ምናልባት ከሰማንያ ዓመት ወዲህ በዚያች ጥምጥም ምክንያት የተደረገ የመጀመሪያው ዱዓ ይሆናል።

ስለ አምስቱ ጥምጥሞች ግን ልጁ ሲጠይቀን “አናውቅም” ነበር መልሳችን። እናንተን እንዲህ ከማለት አላህ ይጠብቃችሁ።